ሰባት የውሸት ቁልፎች

ባሌን ሰው ሁሉ «መቀስ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ነን። አዳዲሶቹ ሠራተኞች «ጋሽ መቀስ» ይሉታል፤ አለቃው ራሱ፣ በዕድሜ እኩያው ሆኖ፣ «ጋሼ» ይለዋል። ልብስ ቆራጭ ስለሆነ የወጣለት ስም ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሚሠራበት ቤት የደንብ ልብስ ይሰፋል፤ የጥበቃ፣ የነርስ፣ የሹፌር። እሱ አርባ ድርብ ጨርቅ አንዱን በሌላው ላይ ያነጥፍና በጠመኔ ያሰምራል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቢላ በእጁ እየገፋ መስመሩን ተከትሎ ይቆርጣል። ሌላው ሁሉ የሚሰፋው እሱ የቆረጠውን ነው። እጁ አንድ ጣት ያህል ከሳተ አርባ ዘበኛ ጠማማ ኮት ለብሶ በር ላይ ይቆማል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ዘበኛ እንደዚያ አልቆመም።

እኔም እዚያው ቤት ነበርኩ። ሥራዬ ቁልፍ ነው፤ ቀዳዳውን እከፍታለሁ፣ ቁልፉን እተክላለሁ፣ ክሩን ሥሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ እቋጫለሁ። ከመቀስ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። ገና ጀማሪ ሳለ የሸሚዝ ፊት አጥብቦ ቆረጠና የእኔ ቀዳዳ ስፌት ላይ ወጣ። ሸሚዞቹን ታቅፌ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። «ይሄን ማን ሊለብሰው ነው፣ አንተ?» አልኩት። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ከዚያ «ልክ ነሽ» አለ። ልክ ነሽ የሚል ወንድ ከዚያ በፊት አጋጥሞኝ ስለማያውቅ አገባሁት። ልጃችን ስትወለድ ሥራውን ትቼ ቤት ገባሁ፤ እስከ ዛሬ የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ በአንዲት የስፌት መኪና የሰፈሩን ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ።

ስትሮክ የመታው ቢላውን እንደያዘ ነው። ቢላው መስመሩን ለቆ ሲሄድ ሰው ሁሉ የጮኸው ለጨርቁ ነበር አሉ፤ ጨርቁን ሲያዩ ቆይተው ነው እሱ መሬት ላይ መሆኑን ያዩት። ሃያ ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። ምላሱ ተረፈ። እግሩ ትንሽ ይጎትታል እንጂ ይሄዳል። ቀኝ እጁ ግን ሌላ ሆነ። ይጨብጣል፣ በር ይገፋል፣ ብርጭቆ አቅፎ ይይዛል፤ ጣቶቹ ግን እየብቻቸው መሥራት ረሱ። ሳንቲም ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ይሄ ሁሉ ቀረ።

ጠዋት ጠዋት የምቆልፍለት እኔ ሆንኩ። ሸሚዝ ሰባት ቁልፍ ነው፣ ከአንገት እስከ ታች። ለእኔ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እሱ ግን የመጀመሪያውን ቁልፍ ስይዝ ፊቱን ወደ ጣራው ያነሳና የመጨረሻውን እስክጨርስ አያወርደውም፤ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው። አንድ ቀን ላስቀው ብዬ «ስንቱን ዘበኛ ስቆልፍ ኖሬ የገዛ ባሌን ብቆልፍ ምን አለበት?» አልኩት። አልሳቀም። «ጨረስሽ?» አለኝ። ቆሽቴ አረረና ኮሌታውን ሳላስተካክልለት ትቼው ወጣሁ። ያን ቀን ሙሉ ኮሌታው በአንድ ወገን እንደቆመ ዋለ፤ እሱም አልነካው፣ እኔም አልነካሁት። ወፍራሙን ኮቱንማ እንድቆልፍለት ፈጽሞ አልፈቀደም። ብርድ ቢሆን ዝናብ ቢሆን ክፍቱን ይለብሰውና «አልበረደኝም» ይላል። እሱ አልበረደኝም ሲል አፍንጫው ይቀላል።

የስፌት ቤቱ ደንብ ግልጽ ነው። የታመመን ሰው ስድስት ወር ይጠብቁታል። ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ወይ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ወይ ከሕክምና ቦርድ የአካል ጉዳት ወረቀት ያመጣል። ወረቀት ያመጣ ሰው አይሰናበትም፤ ወደሚችለው ሥራ ይዛወራል። ሁለቱንም ያላደረገ ግን ደህና ሁን ነው። አለቃው ሊጠይቀው ሲመጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይሄን ሁሉ አስረዳን። «ጋሼ፣ የፍተሻው ጠረጴዛ አለ» አለ፤ የተሰፋው ልብስ ሳይታሸግ በፊት ጉድለቱ የሚታይበት ቦታ ማለቱ ነው። «እዚያ የሚፈለገው ዓይን ነው፤ ያንተን የሚያህል ዓይን ደግሞ ከየት አመጣለሁ? ወረቀቷን ብቻ አምጣልኝ።»

መቀስ ከዚያ ቤት ውጭ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ታሞ ተኝቶ እንኳ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል። የስፌት ቤቱ ደወል የሚደወልበት ሰዓት ነው። ከሥራው ቢሰናበት ሰዓቱን እያየ የሚኖረው ስንት ዓመት ነው እላለሁ ለራሴ።

በአራተኛው ወር ልጃችን ወለደችና አንድ ሳምንት እሷ ጋ ሰነበትኩ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ጠዋት ጠዋት ገብታ እንድትቆልፍለት አደራ ብያት ነበር የሄድኩት። ስመለስ መቀስ የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ በካውያ የተተኮሰ፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ።

«ሲስተር ዛሬ በጠዋት መጣች?» አልኩት።

«አልመጣችም።»

«ማን ቆለፈልህ ታዲያ?»

«እኔ» አለ።

ሻንጣዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ያንን እጁን ይዤ ሳምኩት፣ ደግሜ ሳምኩት፣ ከዚያ ጉንጬ ላይ አድርጌ አለቀስኩበት፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅኩ። እሱ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ እኔ ግን ማንንም የምሰማ ሰው አልነበርኩም። በዚያው ወጥቼ ሰፈሩን አዳረስኩት። ባለሱቋ ሰማች፣ ሲስተር ሰማች፣ ልጄ በስልክ ሰማች። የስፌት መኪናዬ ላይ ጥቁር ክር ትቼ ሄጄ ነጭ ክር ማግኘቴን እንኳ አይቼ አለፍኩት። ሲስተር አንድ ነገር ሰፍታበት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀስ ሸሚዞቹን ራሴ አጥባለሁ፣ ራሴ እተኩሳለሁ አለ፤ «ለእጄ ልምምድ ነው» ሲል እሱንም አመንኩት። ሠላሳ ዓመት ካልሲውን ከአልጋ ሥር የምለቅምለት ሰውዬ ሸሚዝ ሲያጥብ አይቼ እሰይ አልኩ።

ቦርድ ፊት የቀረብነው በአምስተኛው ወር መጨረሻ ነው። ረጅም መተላለፊያ፣ ግድግዳው ሥር ረጅም አግዳሚ፣ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጠብቀን ተጠራን። ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። መሃል ላይ ሰብሳቢው፤ ከወረቀቱ ቀና ሳይል የሚናገር ቀጭን ሰው ነው። በስተቀኙ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሐኪም፣ በስተግራው ኮምፒውተር ላይ የምትጽፍ ልጅ እግር ጸሐፊ።

እዚህ ላይ ስለ ልብስ ሰፊ አመል ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊ አልችልም አይልም። ደንበኛ መጥቶ «ለሐሙስ ይደርሳል?» ካለው ይደርሳል ነው መልሱ፤ ጨርቁ ገና ከሱቅ ባይመጣም፣ ከፊቱ ሃያ ሰው ቢኖርም። ይደርሳል ብሎ ሲያበቃ ነው እንዴት እንደሚያደርሰው የሚያስበው። መቀስ ይሄን አመሉን ይዞ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው።

ሐኪሟ ጣቷን ሰጥታው «ይጭበጡት» አለችው። ጨበጠው። አጥብቆ ነው የጨበጠው፤ ዓይኗን ጭፍን ስታደርግ አይቻለሁ።

«ዕቃ ማንሳት ይችላሉ?» አለ ሰብሳቢው።

«እችላለሁ።»

«መጻፍስ?»

«እችላለሁ።» በግራ እጁ መሆኑን አልተናገረም፤ ሰውየውም አልጠየቀው። በግራው ሲጽፍ ደግሞ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።

«ልብስዎን ማን ነው የሚያለብስዎት?»

መቀስ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እዚህ ላይ ነው እኔ ጥልቅ ያልኩት። ማን ግቢ አለኝ? «ራሱ ነው የሚለብሰው» አልኩ። «እስቲ እዩት፣ ሰባቱንም ቁልፍ። እኔ እጄን አላስገባሁበትም።»

መቀስ ዞሮ አየኝ። ያ ዓይኑ ያኔ አልገባኝም። ልጇ እንደተመረቀላት እናት ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ። ጸሐፊዋ ጻፈች፤ ሰብሳቢው አንድ ነገር ላይ ምልክት አደረገና «ጨርሰናል» አለ።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። የጉዳቱ መጠን አሥራ ስምንት ከመቶ ነው ይላል። የአካል ጉዳት ወረቀት ለማግኘት ደግሞ ሠላሳ ከመቶ ያስፈልጋል። ከሥሩ «ቀድሞ ይሠሩት ወደነበረው ሥራ መመለስ ይችላሉ» የሚል ተጽፏል። ሞኝ ነኝና ደስ አለኝ። ወደ ጠረጴዛው ሊመለስ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን አለ? መቀስ ደብዳቤውን በግራ እጁ አራት ቦታ አጠፈና ኪሱ ከተተው። «ሰኞ እገባለሁ» አለ።

ሰኞ ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተመለሰ። ያመጣው አለቃው ራሱ ነው። መቀስ ማንንም ሳያይ አልፎ መኝታ ክፍል ገባና ሸሚዙን ወንበር ላይ ጥሎ ተኛ። አለቃው በር ላይ ቀረ። መቀስ ቢላውን ሲገፋ ቀኝ እጁ መያዣውን እንደያዘ ወደ ጎን እየሄደ፣ እየሄደ፣ አርባ እጅጌ አበላሽቶ የገዛ ግራ እጁ ጋ ሊደርስ ሲል መብራቱን ያጠፋው አለቃው ነው። «ጣቱን ቢቆርጥስ ኖሮ» አለኝ። «እኔ ምን ብዬ ልኖር ነበር?»

«ፍተሻው ላይ አስቀምጠዋ» አልኩት።

«ደብዳቤው ይችላል ነው የሚለው፣ እቴ። ይችላል የተባለን ሰው እንዴት አድርጌ ላዛውረው? ወረቀት ይዘው ያንን ቦታ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች አሉብኝ። ይግባኝ በሉ። አሥራ አምስት ቀን አላችሁ። ከዚያ ካለፈ ግን እኔም የማደርገው የለኝም።»

እሱ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰባት ቁልፍ በየቀኑ የሚቆልፍ እጅ አንድ መያዣ ቀጥ አድርጎ መያዝ እንዴት ያቅተዋል? ምንም አልገጥም አለኝ። ተነስቼ ወንበሩ ላይ ያለውን ሸሚዝ አነሳሁ። ጠመኔ ነክቶታል፤ ልጠበው ብዬ ነው። ሳይፈታው በራሱ ላይ አውጥቶት ስለነበረ እንደተቆለፈ ነው። የላይኛውን ቁልፍ ልፈታ ያዝኩ። እምቢ አለኝ። ሁለተኛውን ሞከርኩ፣ እሱም እምቢ። ዕድሜዬን በሙሉ ከቁልፍ ጋር የኖርኩ ሴት ቁልፍ አልፈታ አለኝ። ተናድጄ ግራና ቀኙን ይዤ ሳብኩት፤ ጭርርር ብሎ ከላይ እስከ ታች ተከፈተ።

ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በስፌት ዘግቷቸዋል። ቁልፎቹን ከተዘጉት ቀዳዳዎች ላይ ተክሏቸዋል፤ ከሩቅ ያየ ተቆልፈዋል እንጂ ሌላ አይልም። ከውስጥ በኩል ደግሞ የሕፃናት ጫማ ላይ ያለውን ዓይነት የሚጣበቅ ጨርቅ በሁለቱም ወገን በመኪና ሰፍቶበታል። በመዳፍ ጫን ካደረጉት ይዘጋል፣ ከሳቡት ይከፈታል፤ ጣት የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ከቁልፎቹ ሥር ክሩ ሦስት ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል፣ እኔ እንደማደርገው። በግራ እጁ ብቻ አንዱን ለመትከል ስንት ሰዓት እንደፈጀበት እግዜር ይወቀው። ከአራተኛው ቁልፍ ሥር የደረቀች የደም ነጥብ አለች። ክሩን መርፌው ውስጥ ማን አስገባለት ብዬ በኋላ ሳጣራ ሲስተር ሆና ተገኘች። ካልሲ ልጠግን ነው ብሏት አሥር መርፌ አዘጋጅታለት ሄዳለች።

ሲነሳ ሸሚዙን ይዤ ጠበቅኩት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሸሚዝ ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ያኔ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። አታላይ አልኩት፤ ሐኪም ፊት መሳቂያ አደረግከኝ አልኩት፤ ሥራህን የበላኸው አንተ ራስህ ነህ አልኩት። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ነው እንባዬ የመጣው። እጁ አልተሻለውም። ተሻለው እያልኩ ሰፈር ለሰፈር የዞርኩት፣ በሌሊት ተነስቼ ተመስገን ያልኩት፣ ሁሉም በአንድ ስንዝር ጨርቅ ነው።

የይግባኙን ማመልከቻ ልጃችን ጻፈችልን፤ ቀጠሮው ለአሥራ አራተኛው ቀን ሆነ። ሲስተር ምክሯን ይዛ መጣች። «ጢሙን እንዳይላጭ» አለችኝ። «ቁልፍ ያለው ሸሚዝ አልብሺውና ሳትቆልፊ ይዘሽው ግቢ። የተዛነፈ ጫማ፣ የተጨማደደ ሱሪ። ሲጠይቁት ቶሎ አይመልስ። አርባ ዓመት ሐኪም ቤት ሠርቻለሁ፤ እነዚህ ሰዎች የሚያምኑት ያዩትን ነው።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። ሄጄ ለመቀስ ነገርኩት።

«ሰው ሳለብስ ኖሬ ተዝረክርኬ ሰው ፊት አልቀርብም» አለ።

«ሥራህን ታጣለሃ!»

«ልጣው።»

ሦስት ቀን ተኮራረፍን። እኔ ሳኮርፍ ሳህን አንኳኳለሁ። እሱ ደግሞ ጥግ ተቀምጦ በግራ እጁ ጋዜጣ መቁረጥ ይለማመዳል። መቁረጫው መቀስ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው፤ በግራ ሲይዙት ወረቀቱን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ያጥፈዋል፣ ያስተካክለዋል፣ እንደገና ያጥፈዋል። ወለሉ በሙሉ የተጨማደደ ጋዜጣ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንድ ቀጥ ያለ ቁራጭ ወጣለት። ለእኔ ሊያሳየኝ አነሳውና ተኮራርፈን መሆኑ ትዝ ሲለው መልሶ አስቀመጠው። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ተነስቶ ተላጨ፤ በግራ እጅ መላጨት ከለመደ ቆይቷል፣ አገጩ ሥር ብቻ ትንሽ ይቀረዋል። ከዚያ ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ለበሰና በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ተጫነው። ሰባቱ የውሸት ቁልፎች ተሰለፉ።

«ይሄን ለብሰህማ አትሄድም» አልኩት።

«ይሄን ነው የምለብሰው።»

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል ሳንነጋገር ሄድን። እኔ በልቤ የሥራውን ነገር ቁርጥ አድርጌዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ያንን ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አንስቼ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ያው ክፍል፣ ያው ሦስት ሰዎች። ሰብሳቢው ቀና ሳይል ፋይሉን ገለጠ። «ልብሱን ራሱ ይለብሳል፣ ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል፣ ባለቤቱ አረጋግጠዋል ይላል። ዛሬም እንደማየው ተቆልፏል። ታዲያ ምን ተለወጠ?»

እኔ አፌን ስከፍት መቀስ ግራ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ተነስቶ ቆመ። ጣቶቹን ኮሌታው ሥር ከተተና ወደ ታች ሳበው።

ጭርርር።

ሰብሳቢው ቀና አለ። ሸሚዙ ከአንገት እስከ ወገብ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰባቱ ቁልፎች ግን አንዳቸውም ሳይነቃነቁ በአንድ ወገን እንደተደረደሩ ናቸው። ሐኪሟ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። አንዱን ቁልፍ ይዛ ልትፈታ ሞከረች፤ ሌላውንም። ጨርቁን ገልብጣ አየችው።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለ መቀስ። «በግራ እጄ። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።»

ጋዋኗን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። «እስቲ ይሄን ይቆልፉልኝ። በቀኝዎ።»

ቁልፉን በአውራ ጣቱና በመዳፉ መሃል ያዘው። አመለጠው። ደግሞ ያዘው። ወደ ቀዳዳው ገፋው፤ ጣቶቹ አንድ ላይ ተጨብጠው ጨርቁን ጠቀለሉት። ግንባሩ ላብ አወጣ። እኔ ሁለት እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀምጬባቸዋለሁ፤ እንደዚያ ባላደርግ ተነስቼ እቆልፈው ነበር። ሰብሳቢው «ይበቃል» ሲለው «ትንሽ ይታገሡኝ» አለ፣ ደንበኛ እንደሚያስታግሥ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ጋዋኑን በመዳፉ አስተካክሎ አጠፈና ለባለቤቷ መለሰላት።

«አልችልም» አለ።

ከእሱ ጋር ስኖር ይሄን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?» አለ ሰብሳቢው። አሁን ፊት ለፊት ነው የሚያየው። «እዚሁ ተቀምጠው ነበር እኮ።»

መቀስ ሸሚዙን በመዳፉ ቀስ እያለ መዝጋት ጀመረ። «ከልጃችን ቤት ስትመለስ ተቆልፌ አየችኝ» አለ። «እጄን ይዛ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። ከታመምኩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። በጨርቅ ነው ልበላት? ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ከረምኩ። እዚህ ደግሞ ቀድማኝ ተናገረች። ሚስቴን ሰው ፊት ውሸታም ላድርጋት?»

ስሰድበው የከረምኩት ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣብኝ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፤ ማንም ባያይ ኖሮ እግሩ ሥር ቁጭ እል ነበር።

ሐኪሟ ለሰብሳቢው ዝቅ ብላ ተናገረች፤ እሱም ራሱን ነቀነቀና «አርባ ሁለት» አለ ለጸሐፊዋ። ጸሐፊዋ ግን አልጻፈችም። እጇን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳደረገች ሸሚዙን ታያለች። «ይቅርታ» አለች፣ «ይሄ የት ይገዛል? አባቴም እጁ እንደ እርስዎ ነው። እናቴ ስትቆልፍለት ይጣላታል።»

«አንገቱ ስንት ቁጥር ነው?» አላት መቀስ።

«አርባ አንድ መሰለኝ።»

«ለሐሙስ ይደርሳል» አለ።

ወረቀቱ መጣ፤ መቀስም ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ የፍተሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የጸሐፊዋ አባት ሸሚዝ ለሐሙስ አልደረሰም፤ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ነው የደረሰው፣ ያውም ቁልፎቹን እኔ ተክዬ። ሥራ ቦታ ያሉት ልጆች ዓይኑ ምንም አያሳልፍም እያሉ ያማርራሉ አሉ። ያማርሩ።

እኔ ከዚያ ቀን የያዝኩት ግን ሌላ ነው። ከቦርዱ ስንወጣ ደጁ ላይ ንፋስ ነበር። ደረጃውን ወርደን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ልንሻገር ስንል መቀስ ቆመ። ኮቱ እንደ ልማዱ ክፍት ነው፤ ንፋሱ ግራና ቀኝ ይወስደዋል፣ አፍንጫው ቀልቷል።

«በረደኝ» አለኝ። ከዚያ «ቆልፊልኝ» አለ።

አራት ትልልቅ ቁልፎች ናቸው፤ እኔው የተከልኳቸው፣ ልጃችን ሳትወለድ። ከላይኛው ጀመርኩ። ፊቱን ወደ ላይ እስኪያነሳ ጠበቅኩ፤ ስለለመድኩት ነው። አላነሳም። አንገቱን ደፍቶ እስከ አራተኛው ቁልፍ ድረስ እጆቼን ያይ ነበር። ስጨርስ ኮሌታውን አስተካከልኩለትና መንገዱን ተሻገርን።